ሁለተኛው ሎኮሞቲቭ ለምን ከኋላ ሆኖ ይገፋል? የጊንዳ–አስመራን አቀበት የምታስታውሱ ካላችሁ

ሰብለ (በርሚንግሃም)፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ባቡር የምታውቁ፣ በተለይ ወላጆቻችሁ ባቡር ላይ የሠሩ፣ እባካችሁ እርዱኝ።

እንግሊዝ አገር አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ከማያቸው ሰዎች አንዱ ከበርሚንግሃም በስተደቡብ ብሮምስግሮቭ በምትባል ከተማ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ዘጠና ሊሞላ ነው። አባታቸው የእንፋሎት ባቡር እሳት አንዳጅ ነበሩ። ቁርሳቸውን እስኪጨርሱ ወሬያቸው ሁሉ ሊኪ ስለሚባለው አቀበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብሮምስግሮቭ ጣቢያ እንደተወጣ ሐዲዱ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ተራራውን ይወጣል። ርዝመቱ ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ግን በየ38 ሜትሩ ገደማ አንድ ሜትር ከፍ ይላል። ለመኪና ምንም አይደለም፤ ለባቡር ግን ጉድ ነው። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1840 ሲከፈት ለዚህ አቀበት ብለው ከአሜሪካ፣ ከፊላደልፊያ ሎኮሞቲቭ (ባቡሩን የሚጎትተውን ሞተር) አስመጥተው ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ብሮምስግሮቭ ጣቢያ ውስጥ የአንድ ሎኮሞቲቭ ቦይለር፣ ማለትም ውሃው የሚፈላበት ጋን፣ ፈንድቶ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። መቃብራቸውን ሄጄ አይቻለሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሎኮሞቲቭ የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሞላቸዋል።

በእንፋሎቱ ዘመን ከባድ ባቡር ሲመጣ ብሮምስግሮቭ ላይ ይቆማል። ከኋላው ትንንሽ ሎኮሞቲቮች፣ ሁለትም ሦስትም ሆነው፣ ቀስ ብለው ይጠጉትና ይደገፉታል። አይታሰሩም። ያፏጫሉ፣ ከፊት ያለው ይመልሳል፣ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ይነሳል። አናቱ ላይ፣ ብላክዌል ሲደርሱ፣ የሚገፉት እንፋሎታቸውን ዘግተው ወደኋላ ይቀራሉ። ባቡሩ ሳይቆም መንገዱን ይቀጥላል። እነሱ ደግሞ ለሚቀጥለው ባቡር ወደ ታች ይመለሳሉ።

ለዚህ ሥራ ብቻ ተብሎ በ1919 ደርቢ ከተማ የተሠራ አንድ ግዙፍ ሎኮሞቲቭ ነበር። ሠራተኞቹ ትልቋ በርታ ይሏታል። አሥር የሚያሽከረክሩ ጎማዎችና አራት ሲሊንደሮች ነበሯት። ሌሊት የመጨረሻውን ፉርጎ ሳትገጭ እንድትጠጋ ከፊቷ የኤሌክትሪክ መብራት ተገጥሞላታል። እስከ 1956 ሠራች። ሽማግሌው በልጅነታቸው አልጋ ላይ ተኝተው የምትገፋው በርታ ትሁን ትንንሾቹ ይሁኑ በድምፅ ብቻ ይለዩ እንደነበር ነግረውኛል። አባታቸው እንቁላል በከሰል አካፋው ላይ ጠብሰው ይበሉ ነበር። አካፋው መጀመሪያ በፈላ ውሃ ይታጠባል፤ ይህን ሳይናገሩ አያልፉም።

ዛሬም ከባድ የዕቃ ባቡር ሲመጣ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ከኋላ ይገፋዋል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ለምን ከኋላ? ሁለቱንም ከፊት አስሮ መጎተት አይቀልም? ሁለተኛ፣ ከምጽዋ አስመራ በሚወጣው ወይም በጅቡቲው መስመር እንዲህ ያለ ነገር ነበር? እናቴ የተወለደችው አስመራ ነው። ጭሱን ታስታውሳለች፤ ለሌላው ልጅ ነበርኩ ትላለች። ሽማግሌው ደግሞ በሄድኩ ቁጥር "የእናንተ አገርስ?" ይሉኛል። መልስ ይዤላቸው መሄድ እፈልጋለሁ።


ቤዛ፦

ሰብለ፣ የመጀመሪያውን እኔ ልሞክር። መካኒካል ምህንድስና ነው የተማርኩት።

አቀበት ላይ ከባቡሩ ክብደት የተወሰነው ወደ ታች ይጎትታል። የአንቺ ሊኪ ላይ 300 ቶን የሚመዝን ባቡር ወደ 8 ቶን በሚጠጋ ኃይል ወደ ኋላ ይሳባል። የጎማውንና የነፋሱን ሳንቆጥር ነው። ሁለቱ ሎኮሞቲቮች ከፊት ከሆኑ ያ ሁሉ ኃይል በአንድ ቦታ ያልፋል፦ በመጀመሪያው ፉርጎ መንጠቆ። ባቡሩ ከባድ ከሆነ የድሮ መንጠቆና ሰንሰለት ሊበጠስ ይችላል። አንዱ ከኋላ ሲሆን ግን ሸክሙ ይከፈላል። የፊቶቹ ፉርጎዎች ይጎተታሉ፣ የኋላዎቹ ይገፋሉ፣ መሃል ላይ ያለው መንጠቆ ምንም አይሸከምም ማለት ይቻላል።

ደግሞም መንጠቆ ቢበጠስ የተቆረጡት ፉርጎዎች ቁልቁል እንዳይንደረደሩ የሚይዛቸው ኋላ ያለው ነው። ለእኔ ዋናው ምክንያት ይኼ ነው።

ግን መግፋትም ልክ አለው። ኩርባው በጣም በጠበበበት መስመር ከኋላ ብዙ ከተገፋ ቀላል ፉርጎ ከሐዲድ ሊወጣ ይችላል። ሊኪ ቀጥ ያለ ስለሆነ እንደልብ ይገፋሉ። የአስመራው መስመር ግን እስከ 70 ሜትር ሬዲየስ የሚደርስ ኩርባ አለው። እዚያ እንዴት ያደርጉ እንደነበር ከሚያውቅ ሰው ብንሰማ ደስ ይለኛል።


የድሬ ልጅ፦

ለጅቡቲው እኔ ልመልስ። አያቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው ዕድሜውን የጨረሰው።

በእኛ መስመር አቀበቱን ሸሹት። በምኒልክ ጊዜ መጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት። ባቡሩን እዚያ ማውጣት ብዙ ገንዘብ ይፈልግ ስለነበር ታች ሜዳው ላይ አስቀሩት። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ የደረሰበት ቦታ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ያ ነው ዛሬ ድሬዳዋ የሆነው። የሐረር ቡና በበቅሎና በግመል ወደ ጣቢያው ይወርድ ጀመር። ስንት ነጋዴ ቤቱን ነቅሎ ተከትሎ ወረደ! አያቴ "ድሬን የወለዳት አቀበት ነው" ይል ነበር።

ከዚያም አዲስ አበባ እስኪገባ፣ ማለትም እስከ 1917፣ መስመሩ በአዋሽ በኩል ዞሮ ከፍታውን በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ላይ አከፋፍሎ ነው የወጣው። ድካም አልነበረውም አልልም። ግን እንደ አስመራው ግድግዳ መውጣት አይደለም።


ዘጊንዳ፦

ልጄ ሰብለ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

እኔ ጊንዳ ነው የተወለድኩት፤ ከጣቢያው ጀርባ። አባቴ እሳት አንዳጅ ነበር። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አባቴ ካረፈ ቆይቷል።

መጀመሪያ መሬቱን ላሳይሽ። ከምጽዋ ስትነሺ በረሃው ሜዳ ነው፤ ባቡሩ ይሮጣል። ዶጋሊን፣ ማይ አጣልን፣ ዳማስን እያለፈ ቀስ በቀስ ይወጣል። ጣሊያኖች ሐዲዱን እ.ኤ.አ. በ1904 ጊንዳ አደረሱ። ከጊንዳ አስመራ ለመግባት ግን እስከ 1911 ፈጀባቸው። 50 ኪሎ ሜትር ለማትሞላ መንገድ! ምክንያቱም በዚያች አጭር መንገድ ላይ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ መውጣት አለ። ሐዲዱ ጠባብ ነው፣ ስፋቱ 95 ሳንቲ ሜትር። ተራራውን እየታከከ እንደ እባብ ይጠመዘዛል። በየመቶ ሜትሩ ሦስት ሜትር ተኩል የሚወጣበት ቦታ አለ። ያንቺ ሽማግሌ አቀበት በመቶ ሜትር ሦስት ሜትር አይሞላም ማለት ነው። ይህን ንገሪያቸው፤ ይገርማቸዋል።

ሎኮሞቲቮቹ ማሌ የሚባሉት ነበሩ፣ የጣሊያኑ አንሳልዶ ሥራ። የመጨረሻዎቹ በ1938 የመጡት ናቸው። አንድ ቦይለር ሥር ሁለት የጎማ ስብስብ አለ፣ በእያንዳንዱ አራት አራት ጎማ። የኋላው ከቦይለሩ ጋር ጥብቅ ነው። የፊተኛው ግን በኩርባው ላይ ግራና ቀኝ ይዞራል። እንፋሎቱ መጀመሪያ ኋላ ባሉት ትንንሽ ሲሊንደሮች ይሠራል፣ ከዚያ ፊት ወዳሉት ትልልቆቹ ሄዶ ዳግመኛ ይሠራል። ውሃውንም ከሰሉንም ራሱ ላይ ስለሚሸከም ክብደቱ በሙሉ ጎማው ላይ ነው። ለዚህ ነው ሐዲዱን ቆንጥጦ የሚይዘው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ ነበር። ጭነት ሲበዛ ጊንዳ ላይ ሁለተኛ ማሌ ይጨመራል። እኔ ሁለቱንም ከፊት ያየሁበት ጊዜ አለ፤ አንዱን ፉርጎዎቹ መካከል፣ ወይም መጨረሻ ላይ ያየሁበትም አለ። ቤዛ ስለ ኩርባው ያልሽው እውነት ነው። ባቡሮቹ አጫጭር ነበሩ። ጭነቱ ከልኩ ሲያልፍ ለሁለት ከፍለው ያወጡታል።

አባቴ ብዙ ጊዜ ኋለኛው ላይ ነበር። ስለ እሱ ነው መናገር የምፈልገው።

ኋላ ያለው ሰው መንገዱን አያይም። ፊቱ ያለው የፉርጎ ጀርባ ነው። ኩርባ ላይ ለጥቂት ጊዜ የፊተኛውን ጭስ ያያል፣ ከዚያ ተራራው ይጋርደዋል። የሚመራው በፉጨትና በጆሮው ብቻ ነው። ፊተኛው ሲያፏጭ ኋለኛው ይመልሳል፣ እንፋሎት ይከፍታል። ፊተኛው ቀድሞ ከዘጋ ኋለኛው ፉርጎዎቹን ይጨፈልቃቸዋል። ኋለኛው ቀድሞ ከዘጋ ሙሉው ሸክም ፊት ባለው መንጠቆ ላይ ይወድቃል። አባቴና ነጂው በአንድ ሎኮሞቲቭ ላይ ሆነው ሳይነጋገሩ ይውሉ ነበር፤ ጆሯቸው ሥራ ላይ ስለሆነ። ቤት ሲመጣም ዝምታው አብሮት ይመጣል። እናቴ "ገና ጊንዳ አልደረሰም" ትለን ነበር፣ እሱ ማዕድ ላይ ተቀምጦ።

ከሁሉ የሚከፋው ዋሻ ነው። ከምጽዋ አስመራ 30 ያህል ዋሻ አለ። ፊተኛው ጭሱን ዋሻ ውስጥ ትቶት ይሄዳል። ኋለኛው እዚያ ጭስ ውስጥ ይገባል፣ የራሱን ይጨምርበታል። ፍጥነቱ ደግሞ ከሰው ርምጃ ብዙም አይበልጥም። አባቴ የነጠላውን ጫፍ በውሃ ነክሮ አፍንጫው ላይ ይይዝና ወለሉ ላይ ዝቅ ይላል። ታች አየሩ ይሻላል። ግን እሳቱ እንዳይወድቅ ተነስቶ ከሰል መጣል አለበት። እንፋሎቱ ዋሻ ውስጥ ቢያልቅ መቆም ነው፤ እዚያ መቆም ደግሞ ሞት ነው። ሳሉ እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። ሳል ሲይዘው "ዋሻ ገባሁ" ይል ነበር።

ሌላው ችግር ዝናብ ነው። ይህን ደጋ ያደገ ሰው አያውቀውም። ከጥቅምት እስከ የካቲት አስመራ ላይ ፀሐይ ነው፣ እኛ ጋ ግን ጉምና ካፊያ። ከጊንዳ እስከ ነፋሲት ሐዲዱ ረጥቦ ይውላል። ከባድ ዝናብ እንኳን ይሻላል፤ ሐዲዱን ያጥበዋል። ካፊያው ነው ጠላት። ጎማው ድንገት ይከዳል፣ ባለበት ይሽከረከራል። ያን ድምፅ ከቤታችን እንሰማዋለን። "ቹፍ... ቹፍ..." ሲል ቆይቶ "ቹፍቹፍቹፍ" ብሎ ይፈነዳል። ነጂው ቶሎ እንፋሎት ይዘጋል፣ አሸዋ ይለቃል፣ እንደገና ይጀምራል።

አሸዋው ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ከሆነ ቱቦው ውስጥ ይቀራል። እኛ ልጆች ከወንዙ ዳር አሸዋ እየለቀምን፣ እየነፋን ጣቢያ እናደርስ ነበር። እዚያ እሳት ላይ ይደርቃል። ዳቦ ይሰጡናል፣ አንዳንዴ ብርቱካን። ጊንዳ የብርቱካን አገር ናት። አባቴ ያለበት ባቡር የሚወጣ ከሆነ እኔ አሸዋውን ሁለት ጊዜ ነበር የምነፋው።

ስለ አካፋው እንቁላል፦ የእኛዎቹ ጀበናውን ነበር እሳት በሩ አጠገብ የሚጥዱት። እምባትካላ ውሃ ሲሞሉ ቡናው ደርሶ ይጠብቃቸዋል።

አንድ ነገር ግን ልቤን ያመኛል። ባቡሩ አስመራ ሲገባ ሰው የሚያየው ፊተኛውን ነው። ነጂው ይወርዳል፣ ዘመድ ያቅፈዋል፣ ፎቶ የሚያነሳም አለ። ኋለኛው ያን ጊዜ ተፈትቶ ወደ ውሃው እየሄደ ነው። ከዚያ ምንም ሳይጎትት ብቻውን ወደ ጊንዳ ይወርዳል። እስከ ዛሬ በየመጽሔቱ የማያቸው ፎቶዎች ሁሉ ከፊት የተነሱ ናቸው። በስተኋላ የነበሩት እነማን ነበሩ? እናንተ የሠራተኛ ልጆች የሆናችሁ፣ አባታችሁ የት ላይ ይቆም እንደነበር እዚህ ጻፉ። እኛ ካለፍን የሚናገር የለም።


ሰብለ (በርሚንግሃም)፦

ጋሼ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎት። ሁሉንም ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ለሽማግሌው አነበብኩላቸው። አሸዋው ላይ ሲደርስ አስቆሙኝና እንደገና እንዳነብ ጠየቁኝ። የእሳቸውም አባት ሁልጊዜ ከኋላ ነበሩ። ሊኪ ላይ ዋሻ ስለሌለ አባትዎ ከእሳቸው አባት የበለጠ እንደደከሙ ይንገሩልኝ አሉ።

እናቴም ስታነበው አለቀሰች። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። መውጣቱን ነገሩን፤ ቁልቁለቱስ?


ፍጹም (ስቶክሆልም)፦

አዲስ አበባ ያደግኩ ኤርትራዊ ነኝ። የእናቴ አባት አስመራ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። ጋሼ ከተናገሩት ቀጥሎ የሆነውን ልጨምር።

መስመሩ በጦርነቱ ምክንያት በ1968 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። ሐዲዱና ከሐዲዱ ሥር ያለው ብረት እየተነቀለ ለምሽግ ዋለ። ከነጻነት በኋላ መልሰን እንሥራው ሲባል የውጭ ባለሙያዎች ያቀረቡት ዋጋ የሚቻል አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጅ) አሮጌዎቹ ሠራተኞች ተጠሩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ነበሩባቸው። አያቴ ከእነሱ አንዱ ነው። ከየምሽጉ ብረት እየሰበሰቡ፣ የጠፋውን ዕቃ በእጃቸው እየቀረጹ፣ ማሌዎቹን እንደገና አስነሱ። በ2003 ሐዲዱ ከምጽዋ አስመራ ገባ።

ጋሼ፣ ስለ ኋለኞቹ ላሉት አንድ ነገር ልመስክር። አያቴ ወጣቶቹን ሲያስተምር መጀመሪያ ፉጨት ነበር የሚያስተምረው። ቦይለሩን ኋላ ትደርሱበታላችሁ ይላቸዋል። ሁለት ማሌ አንድ ባቡር ይዘው ከአርባሮባ ወደ አስመራ ሲወጡ አብሬው ቆሜ አይቻለሁ። በለስ የሞላው ተራራ መልሶ ሲያስተጋባ ሁለት ይሁኑ አሥር አይለይም። አያቴ ግን ዓይኑን ጨፍኖ "ኋለኛው ዘግይቷል" አለ። በግማሽ ሰከንድ ይሆናል፤ እኔ ምንም አልሰማሁም።


ዘጊንዳ፦

ፍጹም ልጄ፣ አያትህን ባውቃቸው ደስ ባለኝ። ምናልባት አባቴ ያውቃቸው ነበር።

ሰብለ፣ ቁልቁለቱ ከአቀበቱ ይብሳል። አቀበት ላይ ብትሳሳቺ ባቡሩ ይቆማል። ቁልቁለት ላይ ብትሳሳቺ አይቆምም። በዕቃ ባቡር ላይ በየፉርጎው የእጅ ፍሬን አለ፣ ክብ መሪ የመሰለ። ፍሬን ያዦች ፉርጎው ላይ፣ ብርድም ቢሆን ዝናብም ቢሆን፣ ውጭ ቆመው ይወርዳሉ። ነጂው ሲያፏጭ ያጠብቃሉ፣ ሲያፏጭ ያላላሉ። ከመጠን በላይ ካጠበቁ ጎማው ይቆልፍና ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ ፍሬን እንደሌለ ነው። ስለዚህ ጥቂት ይይዛሉ፣ ይለቃሉ፣ ይይዛሉ። ነፋሲት ላይ፣ ከደብረ ቢዘን ተራራ ሥር፣ ቆመው ጎማውን ያቀዘቅዛሉ። የጋለ ብረት ሽታ እስከ ሱቆቹ ይደርሳል።

ለእሳት አንዳጁም ሌላ ጭንቀት አለ። ቦይለሩ ሲያዘነብል ውሃው ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ከእሳቱ በላይ ያለው ብረት ውሃ ካጣ ግሎ ይለሰልስና ሊፈነዳ ይችላል፤ ያ ማለት ብሮምስግሮቭ የሞቱት ሁለቱ ሰዎች የደረሰባቸውን ዓይነት አደጋ መጋበዝ ነው። አባቴ ከአስመራ ከመነሳቱ በፊት የውሃውን መስታወት አይቶ፣ ውሃ ጨምሮ፣ እንደገና አይቶ ነው የሚወርደው።

አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ሊኪን የሚወርዱት የዕቃ ባቡሮች ብላክዌል ላይ ቆመው የፉርጎዎቹን ፍሬን በእጅ ያስይዙ እንደነበር ሰምቻለሁ። ያን የሚያደርገው ማን ነበር፣ ባቡሩ ላይ ያለው ሰው ወይስ ጣቢያው ላይ የሚቆም? ሌሊትስ በምን ብርሃን? ሽማግሌው የሚያስታውሱትን ሁሉ ጻፊልኝ።